አኳሪየሙ ውስጥ ያለው ትል

«አማቴ ናቸው» አለ ባልየው ከበሩ ውጭ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ማድረጉ ለወጉ ነው እንጂ በዚያ ሕንጻ ደረጃ ላይ የተወራ ነገር ሁሉ በበሩ ሥር ሾልኮ ቤት ይገባል። «አእምሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል። ውሃ ውስጥ ትል ይታያቸዋል። የምንቆልፈው ለራሳቸው ብለን ነው።» ጎረቤቲቱ ከንፈሯን ስትመጥ ተሰማ። «ውይ፣ ሲያሳዝኑ! ደህና ሰው እኮ ነበሩ!» አለች። ጋሽ ብልቃጥ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ምላጩን ይዘው መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ይሄን ሁሉ ሰሙ። ነበሩ! ሰው በቁሙ እያለ፣ ያውም ጢሙን እየተላጨ፣ «ነበሩ» ሲባል መስማት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ቁልፉ አንዴ ተሽከረከረ፤ ደገመ። እግሮች ደረጃውን ወረዱ። የልጃቸው ጫማ ብቻ ትንሽ ቆም ብሎ ነው የተከተለው።

ጋሽ ብልቃጥ ስማቸው አይደለም፤ የሆስፒታል ሰዎች ያወጡላቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጠው የሰው ሰገራ ሲመረምሩ ኖረዋል። ሥራው ለጨዋታ አይመችም፤ ማዕድ ላይ «ለመሆኑ ምን ነበር የሚሠሩት?» የሚል ሰው ከተገኘ «የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ» ብለው ያልፉታል። ነገር ግን እንደሳቸው ያለ ዓይን አልነበረም። ወጣት ሐኪሞች ግራ ሲገባቸው «እስቲ ለጋሽ ብልቃጥ ስጧቸው» ይላሉ፤ እሳቸውም ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው ያዩትን አየሁ፣ ያላዩትን አላየሁም ብለው ይጽፋሉ። ሐኪም ቢቆጣ፣ በሽተኛ ቢያለቅስ፣ አለቃ ቢያስፈራራ ያቺ ወረቀት አትለወጥም። ጡረታ ወጡ፣ ሚስታቸው ሞተች፣ ቤቱ ሰፋባቸው፤ አንድ ልጃቸው «አባዬ፣ ብቻህን አትሆንም» ብላ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ አመጣቻቸው። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ወርደው ጋዜጣ ያነባሉ፣ ከጫማ ሰፊው ጋር ይከራከራሉ፣ ለምሳ ይመለሳሉ።

ባልየው የሊፍት መካኒክ ነው፤ የሚኖሩበት ሕንጻ ግን ሊፍት የለውም፤ ይሄንን ቀልድ ራሱ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሳይታክት ይናገረዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ ይታወቅለት። አንድ አመል ቢኖረው ዓሣዎቹ ናቸው። የሳሎኑን እኩሌታ የያዘ፣ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት አኳሪየም አቁሟል። በባልዲ ጨው ይበጠብጣል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ የፓምፑን ድምፅ እንደ ሕፃን ልጅ ትንፋሽ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ከአራት ወር በፊት ከባሕር የወጣ ነው የተባለ አንድ የተቦረቦረ ድንጋይ ገዝቶ ውሃው ውስጥ አስቀመጠ። ጋሽ ብልቃጥ በሳምንቱ፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል፣ ከድንጋዩ ቀዳዳ ሮዝ መሳይ ቀጭን ነገር ብቅ ብሎ እልም ሲል አዩ። እዚህ ላይ እንግዲህ የራሳቸውም ጥፋት አለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አንጀት ያፈራውን ሲያይ የኖረ ዓይን ትል ካየ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባልየው የሥራ ባልደረቦቹን ምሳ ጋብዞ አኳሪየሙን ሲያስጎበኝ፣ እሳቸው ሾርባቸውን ትተው ተነሡና «እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንዳትበሉ! ውሃው ውስጥ ጥገኛ ትል አለ። ዓሣዎቹም መድኃኒት መዋጥ ይኖርባቸዋል» አሉ። ማንኪያ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። አንዱ እንግዳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሾርባው በአፍንጫው ወጣ። የባልየው ፊት ፍም መሰለ።

በዚሁ ቢበቃ ኖሮ እየሣቁ ይረሱት ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ጋሽ ብልቃጥ ምላጭ ሊገዙ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። እሳቸው እንደሚሉት አልጠፉም፤ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ዞረው ሄዱ፣ የዞሩበትም መንገድ ተቆፍሯል፣ ሲዞሩ ሲዞሩ የማያውቁት ሰፈር ገቡ። አንዲት ደግ ሴት እጃቸውን ይዛ አመሻሽ ላይ አመጣቻቸው። ባልየው ያን ዕለት እንኳ ፍርደ ገምድል አልሆነም። «መንገድ ማንንም ያጠፋል» አለ። «ዋናው ያ ትል ነው። ትሉ በእርግጥ ካለ እሳቸው ደህና ናቸው፤ ከሌለ ግን ሌላ ነገር ነው።» ሚስቱን ሦስት ማታ አኳሪየሙ ፊት ቁጭ ብላ እንድታይ ነገራት። ልጃቸው ሦስት ማታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሦስተኛው ተነሥታ «ምንም የለም» አለች። በማግሥቱ በሩ ተቆለፈ። «አባባ፣ አይቀየሙኝ» አለ ባልየው። «ያን ትል ያሳዩኝና ቁልፉን በዚያችው ደቂቃ እሰጥዎታለሁ። ቃሌ ነው።» ይሄው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጋሽ ብልቃጥ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ መኝታ ቤት ናቸው። ሲደብራቸው ለዓሣዎቹ ምግብ ቆንጠር አድርገው ይበትናሉ፤ ደግሞም ይደብራቸዋል፣ ደግሞም ይበትናሉ።

ያች «ነበሩ» የምትባል ቃል ግን ዛሬ አላስቀምጥ አለቻቸው። ሳሙናውን በፎጣ ጠረጉና፣ ግማሽ ጢማቸውን እንደያዙ መጥተው አኳሪየሙ ፊት ቆሙ። ቀን ቀን መብራቱ ይበራል፤ ትሉ ደግሞ ብርሃን አይወድም። መብራቱን ማጥፋት አይችሉም፤ ባልየው መቆጣጠሪያውን በሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰቡትም! ከአልጋቸው ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ገፈው፣ ወንበር ላይ ወጥተው አኳሪየሙን ከላይ እስከ ታች አለበሱት። ብርሃኑን ከውሃው ለመከለል መብራቱና ውሃው መሃል የልጃቸውን የዳቦ መጋገሪያ ትሪ አጋደሙ። ከዚያ ወጥመድ ያስፈልጋል። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከፕላስቲክ ብልቃጡ ወደ ሻይ ሲኒ ገልብጠው፣ ምስማር በምድጃው አግለው ክዳኑን በሱት፤ ቤቱ በፕላስቲክ ሽታ ታጠነ። ከፍሪዘር አንዲት ቁራጭ ዓሣ ቆርጠው ከተቱበት። ብልቃጡን በክር አስረው ድንጋዩ ሥር አወረዱ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ይሄን ራሳቸው ልብ አሉትና ደስ አላቸው።

አንድ ነገር ቀራቸው፤ በጨለማ ውስጥ እንዴት ይታያል? ባትሪ ቢያበሩ ይሸሻል። ሆስፒታል ሳሉ ከላቦራቶሪው ቀጥሎ ያለው ክፍል የራጅ ፊልም የሚታጠብበት ነበር፤ እዚያ ቀይ አምፖል ነው የሚበራው፤ ቀይ ብርሃን ፊልሙን አያቃጥልም። ትሉንስ ምናልባት አይረብሸው ይሆናል አሉና የባትሪውን ፊት በቀይ ፌስታል ጠቀለሉት። አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ብርድ ልብሱ ሥር ገቡ። እዚያ ውስጥ ይሞቃል፤ የጨው ሽታና የራሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። ዓይናቸው ለመድ ሲያደርግ፣ ወይ ጉድ! መስታወቱ በሕይወት ተሞልቷል። የጨው ቅንጣት የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች እየዘለሉ ይሄዳሉ። ከጥፍር የማትበልጥ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ አንድ እጇ አጥሮ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ትሳባለች። ጎባጣ ጀርባ ያላቸው፣ ሽሪምፕ መሳይ ትንንሾች ድንጋዩ ላይ ይሯሯጣሉ። ማንም አልገዛቸው፣ ማንም አልጠራቸው፤ ከድንጋዩ ጋር መጥተው ቤት ሠርተዋል። ጋሽ ብልቃጥ እንደ ድሮው የሁሉንም ቁመት፣ እግርና አካሄድ አንድ በአንድ መረመሩ። ከሦስት ወር ወዲህ መቆለፋቸውን የረሱት ያን ሰዓት ብቻ ነው።

ያ ነገር የመጣው ብዙ ከቆዩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ራሱን ከቀዳዳው አወጣ፣ ሽታውን ፈለገ፣ ከዚያ ቀስ እያለ አካሉ ሁሉ ተመዘዘ። የትንሹን ጣት ያህላል። ጋሽ ብልቃጥ መነጽሩን አስጠጉ። አካሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንጓ ነው፤ በየአንጓው ግራና ቀኝ የነጭ ፀጉር ነዶ አለው፤ ሲሄድ ፀጉሩ እንደ መቅዘፊያ ይንቀሳቀሳል። መንጠቆ የለውም፣ መምጠጫ የለውም። ጥገኛ አይደለም! ጥገኛ ሰው ቤት ገብቶ ሰው ይበላል፤ ይሄ ግን የመሬት ትል ዘመድ ነው፤ የወደቀ ትርፍራፊ የሚለቅም፣ ማንንም የማይጎዳ የጽዳት ሠራተኛ። «አይ እኔ ሞኝ!» አሉ ድምፃቸውን አውጥተው። «የሰውን ምሳ ያበላሸሁት በዚህ ነው?» ይባስ ብሎ ያደለቡት ራሳቸው ናቸው፤ በየሰዓቱ የሚበትኑት ምግብ ወዴት ሄደ ታዲያ? ትሉ ብልቃጡን ዞረው፣ ቀዳዳውን አገኘው፣ ገባ። ጋሽ ብልቃጥ ክሩን ሳቡ። ለማየት ቸኩለው ክዳኑን ሲያስተካክሉ ፀጉሩ ጣታቸውን ነካውና እንደ ሳማ ለበለባቸው። የተሰካውን ፀጉር በፕላስተር እየለጠፉ ነቀሉት፤ ጣታቸው አበጠ፤ ግድ የላቸውም። የሚያሳብጥ ትል የሌለ ትል አይደለም።

ከሰዓቱን ሁሉ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከፊቱ ተቀምጠው ዋሉ። ስልካቸው ፎቶ አያነሣም፤ ማንሣትም አያስፈልግም፤ እማኙ በሕይወቱ አለ። ብርድ ልብሱን አንሥተው አልጋቸውን አነጠፉ፣ ትሪውን አጥበው መለሱ። ቁልፉ ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ አሰቡ። መጀመሪያ ወርደው ምላጭ ይገዛሉ፤ የዚያን ዕለት ሳይገዙ የቀሩትን። ከዚያ ጎረቤቲቱን በር አንኳኩተው «እንደምን ዋልሽ? አለሁ» ይሏታል። ጫማ ሰፊው «የት ጠፉ?» ሲላቸው «ሥራ በዝቶብኝ» ይሉታል። ይሄን ሲያስቡ ብቻቸውን ፈገግ አሉ።

ልጃቸው ከባሏ ቀድማ ገባች። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ስትመለስ ትከሻዋ ላይ ሁልጊዜ የክር ብጥስጣሽ አይጠፋም። በሩን ከውስጥ መልሳ ቆለፈችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አየቻቸው።

«አባዬ! ፊትህን ምን ነካው? ግማሹን ሳትላጭ ነው የዋልከው?»

«ፊቴን ተይውና ነይ ወዲህ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ። «ተይዟል። ይኸውልሽ!»

መጥታ ብልቃጡ ላይ ጎንበስ አለች። ጋሽ ብልቃጥ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ትል ሲያይ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሐኪምም ይሁን ዘበኛ ራሱን ወደ ኋላ ይስባል፣ አፉን ይይዛል፣ «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል። ልጃቸው ወደ ኋላ አላለችም። ብልቃጡን አንሥታ ወደ መብራቱ ያዘችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ድካም በተጫነው ድምፅ «ይሄ ትንሹ ነው» አለች።

ፓምፑ ብቻ ይንቦቀቦቃል። ልጃቸው ያለችውን ራሷ የሰማችው ዘግይታ ነው፤ ብልቃጡን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ትልቁን መቼ አየሽው?» አሉ ጋሽ ብልቃጥ።

«በመጀመሪያው ማታ።» ወለሉን ነው የምታየው። «በሁለተኛውም መጣ። በሦስተኛውም።»

ጋሽ ብልቃጥ ሦስት ወር ሙሉ በሆዳቸው ሲራገሙ የኖሩት ባልየውን ነው፤ ቁልፉ በተሽከረከረ ቁጥር ያ የሊፍት ጠጋኝ እያሉ ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ኖረዋል። ያሳደጓት ልጅ፣ ትኩሳት ሲይዛት ደሟን ራሳቸው የመረመሩላት ልጅ! ደማቸው ፈላ። «አንቺ!» አሉ። «እብድ አደረግሽኝ እኮ! ጎረቤት ‹ነበሩ› እያለኝ ነው። እዚያው ቆመሽ ሰምተሻል!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን? ምን በደልኩሽ?»

ልጃቸው ሳታቋርጥ ነው የተናገረችው፤ ለወራት አፏ ውስጥ ይዛው እንደኖረች ያስታውቃል። «የጠፋህ ዕለት ካንተ ስልክ ዘጠኝ ጊዜ ተደውሎልኛል። እኛ ፋብሪካ ስንገባ ስልካችን ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ታውቃለህ። ስወጣ ነው ያየሁት፤ መልሼ ስደውል አይነሣም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሆስፒታል ሄድኩ። ከዚያ ሬሳ ክፍል ሂጂ አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ገለጡልኝ፤ ያንተን ዓይነት ኮት ነው የለበሰው፤ ፊቱን እስካየው ድረስ አንተ ነበርክ። ቤት ስመጣ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣለህ።» ቀኝ እጇን ዘረጋችላቸው፤ የሌባ ጣቷ ጥፍር ከሥሩ ጠቁሯል። «በማግሥቱ የማሽኑ መርፌ በዚህ ገብቶ በዚህ ወጣ። አንተን እያሰብኩ። አለቃዬ አንዴ አስጠንቅቆኛል፤ ሁለተኛ የለውም። ትሉ ካለ አንተ ደህና ነህ ማለት ነው፤ ደህና ከሆንክ በምን ልቆልፍብህ? ከተቆለፈብህ ግን የት እንዳለህ አውቃለሁ፤ አባዬ። ቀኑን ሙሉ የት እንዳለህ አውቃለሁ።»

ጋሽ ብልቃጥ ብዙ የሚናገሩት ነበራቸው። መንገዱ ተቆፍሮ ነው ሊሉ ፈለጉ፤ ሦስት ወር በቁም መቀበር ምን እንደሆነ ሊነግሯት ፈለጉ። ጣቷን ይዘው ነው የቀሩት። አጥንቱ ደህና መሆኑን፣ ጥፍሩ ወልቆ ሌላ እንደሚበቅል በልምዳቸው አዩ።

«አሳየው» አለች እጇን እየሳበች። «እሱ ቃሉን አያጥፍም፤ ቁልፉን ይሰጥሃል። ዋሾ ቢለኝም ይበለኝ፤ ዋሽቻለሁ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይ መቀመጥ የምችል አይመስለኝም። ይቅርብኝ፤ ሥራውን እተወዋለሁ።» ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች፤ ስትሄድ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ከታች የባልየው ፉጨት ተሰማ። አራት ፎቅ ሲወጣ ሁልጊዜ ያፏጫል፤ ሁለተኛው ላይ ይደክመውና ያቆማል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ይጀምራል። ጋሽ ብልቃጥ ብልቃጡን አነሡ። ትሉ ውስጡ ተጠምዝዞ ተኝቷል፤ ፀጉሩ አምሮበታል። በር ከፍተው ደረጃው ላይ ሊጠብቁት፣ እዚያው ጎረቤቲቱ እየሰማች እጁ ላይ ሊያስቀምጡለት ይችላሉ፤ ቁልፉ ከውስጥ ተሰክቷል። ፉጨቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንደገና ተጀመረ። ወደ አኳሪየሙ ሄዱ። ክዳኑን ከፍተው ብልቃጡን ዘቀዘቁት። ትሉ እየተገላበጠ ሰመጠ፣ አሸዋው ላይ ትንሽ ተኛ፣ ከዚያ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ተንቀሳቅሶ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

ባልየው ልጅቱ በሩን ከፍታለት እያለከለከ ገባ። የመሣሪያ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ዓሣዎቹን፣ ቀጥሎ አማቱን አየ። «እንዴት ዋሉ አባባ? ዛሬስ ትሉ መጣ?» አለ። ሹፈት አልነበረበትም፤ ሰው ለታመመ ዘመዱ «ዛሬስ እንዴት አደረዎት?» እንደሚለው ነው ያለው።

«አልመጣም» አሉ ጋሽ ብልቃጥ። ኩሽና ውስጥ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቀጥ አለ። እሳቸውም አንዴ ከጀመሩት ላይቀር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ድሮም አልነበረም መሰለኝ። ዓይኔ ነው» አሉ።

ባልየው ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። የእውነት ደስታ ነው። መጥቶ ትከሻቸውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «ጎሽ! ጎሽ አባባ! መሻል ማለት ይኸው ነው፤ ሰው ችግሩን ካወቀ ግማሹ ዳነ» አለ፤ ወደ ኩሽናው ዞሮም «ሰማሽ? አልነገርኩሽም?» ብሎ ጮኸ። ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ምድጃው ሳይለኮስ ድስቱን ታማስላለች። ባልየው መልስ ሳይጠብቅ ወደ አማቱ ተመለሰ። «እንዲህ ከሆነማ» አለ፣ ትልቅ ነገር እንደሚሰጥ ሰው ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ነገ መስኮቱን ከፍተንልዎት ነው የምንሄደው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ ብልቃጥ።